«አጠንካሪ» የተባለው የፀጉር ሴረም፦ ፈትሉን ነው የሚያጠነክረው ወይስ ፈታይዋን?

ጥያቄ፦ «34 ዓመቴ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ አምስት ወር ሆኖኛል፤ ጡት አጠባለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ፀጉሬ በእፍኝ እየወጣ ነው። ሹሩባዬን በፈታሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። ግንባሬና ጆሮ ግንዴ አካባቢም ሳስቷል። እህቴ ከዱባይ የፀጉር ማጠንከሪያ ሴረም ላከችልኝ። ፊቱ ላይ ‹ባዮቲንና ኬራቲን ያለው፣ ከሥር የሚያጠነክር› ይላል። ጀርባው ላይ በተርታ የተጻፈው ይህ ነው፦ ውሃ፣ አልኮል ዴናት፣ ግሊሰሪን፣ ፓንቴኖል፣ ፌኖክሲኤታኖል፣ ሃይድሮላይዝድ ኬራቲን፣ ፔግ-40 ሃይድሮጄኔትድ ካስተር ኦይል፣ ካፌይን፣ የሮዝመሪ ቅጠል ዘይት፣ ባዮቲን፣ ሽቶ። የጉሎ ዘይት ስላለው ደስ ብሎኛል። በእርግጥ ይጠቅመኛል? የባዮቲን እንክብልም ልጨምርበት? ጡት ማጥባት አቁሚ የሚሉኝም አሉ። ከለጋ ቅቤ ጋር ቀላቅዬ ብቀባውስ?»

መልስ፦ ጡት ማጥባትዎን አያቁሙ። የባዮቲኑን (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው) እንክብል አይጀምሩ። ሴረሙ አንዴ እጅዎ ገብቷልና አይጣሉት፤ ሁለተኛ ጠርሙስ ግን አያስልኩ። ምክንያቱ ረዘም ይላል፤ ጥያቄዎ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ፣ ጠርሙሱ ደግሞ የተሠራው ለሦስተኛ ችግር ነው።

«ማጠንከር» የሚለውን ቃል እናስቀድም። ከራስ ቆዳ ውጭ የምናየው ፀጉር ሕይወት የለውም። ደም አይደርሰውም፤ አይመገብም፤ ሲሰነጠቅ ራሱን አይጠግንም። ሕያው የሆነው ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ታች ወርዶ ቆዳው ውስጥ የተተከለው ሥር ብቻ ነው። ጥጥ ስትፈትል የነበረች እናት ወይም አያት ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የተፈተለውን ክር ሰም ቢቀቡት ይለሰልሳል፣ ሲጎትቱት ቶሎ አይበጠስም፤ ፈታይዋ ግን በዚህ ምክንያት አንድ ስንዝር እንኳ አብልጣ አትፈትልም። ገበያ ላይ «አጠንካሪ» ተብለው የሚሸጡት ሴረሞች አብዛኞቹ ለክሩ የተሠሩ ናቸው። ማስታወቂያቸው የሚናገረው ግን ስለ ፈታይዋ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ጠርሙስ ከመመርመርዎ በፊት መጠየቅ ያለብዎት «ፀጉሬ የሚበጠሰው ነው ወይስ የሚረግፈው?» የሚለውን ነው።

መልሱ ማበጠሪያዎ ላይ አለ። ከወጡት ፀጉሮች አሥር ያህሉን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው በብርሃን ይመልከቷቸው። አንደኛው ጫፍ ላይ የመርፌ ራስ የምታህል ነጭ እብጠት ካለች ፀጉሩ ከነሥሩ ረግፏል ማለት ነው። እብጠት ከሌለ፣ ርዝመታቸውም አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ከሆነ ደግሞ መሐል ላይ ተበጥሷል። ለሚበጠስ ፀጉር ጥሩ ሴረም ይጠቅማል። ለሚረግፍ ፀጉር ኬራቲን (ፀጉር የተሠራበትን ፕሮቲን) ቢያፈሱበት የሚለወጥ ነገር የለም። እርስዎ ከነገሩኝ ጊዜ ተነሥቼ ስገምት የእርስዎ በአብዛኛው ነጭ እብጠት ያለው ነው።

እንዲህ የምለው በወሊድ ምክንያት ነው። ጤነኛ ራስ ላይ 100,000 ያህል ፀጉር አለ፤ አብዛኛው በማደግ ላይ ነው፣ ጥቂቱ ደግሞ እድገቱን ጨርሶ ሦስት ወር ያህል ካረፈ በኋላ ይረግፋል። በእርግዝና ወቅት ከፍ ያለው የኢስትሮጅን ሆርሞን ማረፍ የነበረበትን ብዙ ፀጉር በእድገት ላይ ያቆየዋል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ፀጉሯ በዝቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ስትወልድ ሆርሞኑ በድንገት ይወርዳል። ተራው ያለፈበት ፀጉር ተራው ከደረሰው ጋር አብሮ ወደ ዕረፍት ይገባል፤ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜም አብሮ ይረግፋል። እርስዎ ከወለዱ አምስት ወር ነው፤ መርገፉ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት፣ ማለትም በሦስተኛው ወር ላይ ነው። ከዚህ የበለጠ የተለመደ አካሄድ የለም። የሚረግፈው ፀጉር ሥሩ አልሞተም፤ አዲሱ ፀጉር ከሥር እየገፋው ነው። በአብዛኞቹ እናቶች ላይ ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው ያልፋል። ጡት በማጥባት የመጣ ስላልሆነ ጡት በማስጣል አይድንም፤ ይህን የመከሩዎት ሰዎች ሁለቱ ነገሮች በአንድ ወቅት ስለሚገጥሙ አንዱን የሌላው ምክንያት አድርገውታል።

ሹሩባ ሲፈቱ ስለሚደነግጡበት እፍኝ ደግሞ አብረን እናስላ። ያልወለደችና ምንም ያልታመመች ሴት እንኳ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍባታል። ፀጉሯን በየቀኑ የምታበጥር ከሆነ ማንም ልብ አይለውም። ሹሩባው ሦስት ሳምንት ከቆየ ግን የ21 ቀኑ ርጋፊ መውጫ አጥቶ እዚያው ታስሮ ይቀመጣል። ሲፈታ በአንድ ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ፀጉር ይወጣል። ይህ ጤነኛው ቁጥር ነው፤ የወሊዱ ሲጨመርበት እፍኙ ይሞላል። ስለዚህ ሹሩባ በተፈታበት ቀን በወጣው ፀጉር መጠን ምንም አይወስኑ።

ግንባርዎና ጆሮ ግንድዎ ላይ ያለው መሳሳት ግን ሌላ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የወሊድ መርገፍም ግንባር ላይ ጎልቶ ይታያል። ሆኖም ሹሩባ የሚያዘወትር ሰው ዳር ዳሩ ሲሳሳ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት መጎተትን ነው። ሹሩባው በተሠራ ማግስት ራስዎን ያምዎታል? ቅንድብዎ ወደ ላይ የተሳበ ይመስላል? በፀጉሩ መነሻ ላይ ትናንሽ ብጉሮች ይወጣሉ? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ፀጉር ቤቱ ሊቀየር ወይም ፀጉር ሠሪዋ እጇን ልታላላ ይገባል። በመጎተት የሳሳ ፀጉር ቶሎ ከተተወ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ በጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳ ላይ ደግሞ ፀጉር የሚያበቅል ሴረም በየትኛውም አገር አይሸጥም። «ካላጠበቅሁት አያምርም» የምትል ፀጉር ሠሪ ስንት ግንባር እንዳሰፋች ብታውቅ ምን ትል ይሆን? ክብደት ያለው ሂውማን ሄር የሚያስቀጥሉ ከሆነም ያው ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ጀርባ እንምጣ። የእኔ ሙያ እዚህ ላይ ነው፤ ፊቱን የሚጽፈው የሽያጭ ክፍል ነው፣ ጀርባውን የሚያስጽፈው ሕግ ነው። በአውሮፓም በአሜሪካም ባለው ሥርዓት ንጥረ ነገሮች የሚደረደሩት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን አምራቹ በፈለገው ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ። ታዲያ አንድ በመቶ የት ላይ እንደሚጀምር በምን ይታወቃል? ፌኖክሲኤታኖልን ይፈልጉ። ይህ ምርቱ እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ሲሆን የአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድበዋል። ስለዚህ ከእሱ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ አይበልጥም። የእርስዎን ዝርዝር ይህን ይዘው ያንብቡት፦ ኬራቲኑ ከእሱ በኋላ ነው፤ ካፌይኑም፣ ሮዝመሪውም ከእሱ በኋላ ናቸው። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ባዮቲን ሽቶው ደጃፍ ላይ ቆሟል።

ጥቂት ነው ማለት ግን ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ይህን ዘዴ የተማሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ካፌይን በወንዶች በራነት ላይ ሲሞከር የነበረው በ0.2 በመቶ መጠን ነው፤ ስለዚህ ከማቆያው በኋላ መጻፉ ብቻውን አያስጥለውም። የሚያስጥለው ሌላ ነው፦ ሙከራዎቹ ጥቂትና ትናንሽ ናቸው፣ የተደረጉትም በዘር በሚመጣ መሳሳት ላይ እንጂ በወሊድ መርገፍ ላይ አይደለም። የሮዝመሪም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሮዝመሪ ማለት ያው የጥብስ ቅጠላችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት በ100 ሰዎች ላይ ለስድስት ወር የሮዝመሪ ዘይትን ሚኖክሲዲል ከተባለው ፀጉር አብቃይ መድኃኒት (2 በመቶ) ጋር አወዳድሮ ተቀራራቢ ውጤት አግኝቷል፤ ያ ጥናት ነው በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞረው። ምንም ያልተቀባ ወይም ባዶ ቅባት የተቀባ ቡድን ግን አልነበረውም። በእርስዎ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ምን ያህል እንዳለ አልተጻፈም፤ ሥራው ምናልባት መዓዛ መስጠት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ኬራቲኑን በተመለከተ፣ ፀጉር ከኬራቲን ስለተሠራ ኬራቲን የተቀባ ፀጉር ያበቅላል ብሎ ማሰብ ግድግዳ ላይ ጡብ ቢደገፍ ቤቱ ይሰፋል እንደማለት ነው። «ሃይድሮላይዝድ» ማለት ፕሮቲኑ ተቆራርጧል ማለት ነው፤ የሚገኘው ከሱፍ፣ ከቀንድና ከላባ ነው። ትልልቁ ቁራጭ የፀጉሩን ገጽ እንደ ስስ ሽፋን ይለብሰዋል፤ በጣም ትንንሹ ጥቂት ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለተበላሸ ክር ይህ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ሲታጠቡ አብዛኛው ይሄዳል። ወደ ሥሩ ወርዶ አዲስ ፀጉር አይሆንም። ሥሩ ፕሮቲን የሚያገኘው ከደም ነው፤ ደሙም ከምስሩ፣ ከእንቁላሉና ከሥጋው።

ደስ ያሰኘዎት የጉሎ ዘይት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የጉሎ ዘይት አይደለም። ከስሙ በፊት «ፔግ-40» የሚል አለ። ይህ ከጉሎ ዘይት ተነሥቶ በኬሚካል የተለወጠ ማሟሚያ ነው፤ ሥራው ሽቶውና የሮዝመሪው ዘይት ውሃው ላይ እንዳይንሳፈፉ ማዋሐድ ነው። ብዙም አላጡ፤ እውነተኛው የጉሎ ዘይትም ፀጉር እንደሚያበቅል የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ወፍራም ስለሆነ ክሩን ይሸፍናል፣ ያብረቀርቃል፤ በብዛት ሲቀቡት ያጣብቃል።

በዝርዝሩ ሁለተኛ የተቀመጠው አልኮል ዴናት (እንዳይጠጣ ተደርጎ የተቀየጠ አልኮል) ጠቃሚም ጎጂም ጎን አለው። ሴረሙ ቶሎ እንዲደርቅና እንዳያጣብቅ ያደርጋል። በዚህ ብዛት ሲሆን ግን ደረቅና ጥምዝ ፀጉርን ይበልጥ ያደርቃል፤ ሹሩባ ያቆሰለውን ቆዳ ያቃጥላል። በነገራችን ላይ ሴቲል አልኮልና ሴቴአሪል አልኮል የሚባሉትን በሌላ ጠርሙስ ላይ ቢያዩ አይሽሹ፤ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ እንደ ሰም ያሉ ለስላሳ ቅባቶች ናቸው። ሲሊኮን «ፀጉር ያፍናል» የሚባለውም መሠረት የለውም፤ የሞተ ክር አይተነፍስም።

ከዝርዝሩ ሁሉ ለፀጉርዎ ይበልጥ የሚጠቅሙት ግሊሰሪንና ፓንቴኖል ናቸው። ሁለቱም ውሃ ይይዛሉ፤ ፓንቴኖል ክሩን ያለሰልሳል፣ ሲበጠር እንዳይሰባበር ያግዛል። ጥምዝ ፀጉር በየጠመዝማዛው ላይ ደካማ ነጥብ ስላለው፣ የራስ ቆዳ ቅባትም እስከ ጫፉ ስለማይወርድለት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሆኖም እነዚህን ሁለቱን ከዚህ በብዙ እጥፍ በረከሰ የፀጉር ሎሽን ውስጥ ያገኟቸዋል። ፀጉራቸውን በኬሚካል ላነጡ ወይም በተደጋጋሚ ላለሰለሱ ሰዎች የተበጣጠሰ የኬራቲን ትስስርን ለመጠገን ተብለው የተሠሩ እንደ ቢስ-አሚኖፕሮፒል ዳይግላይኮል ዳይማሌት ያሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እሱን ዝርዝር ውስጥ ካዩ ቢያንስ «ማጠንከር» የሚለው ቃል ለክሩ ትርጉም አለው። እርስዎ ፀጉርዎን አነጣሁ አላሉኝም፤ አያስፈልግዎትም።

የባዮቲን እንክብል ላይ ጠንከር ልበል። ለምታጠባ እናት በቂ ነው የሚባለው መጠን በቀን 35 ማይክሮግራም ነው፤ እንቁላል፣ ጉበትና ኦቾሎኒ ይሰጡታል። ገበያ ላይ ያለው እንክብል 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ነው፤ ትንሹ እንኳ ከ140 እጥፍ በላይ ማለት ነው። እጥረት የሌለበት ሰው ይህን ቢውጥ ፀጉሩ እንደሚበዛ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም። ጉዳቱ ደግሞ ብዙ ሰው ያልጠረጠረው ቦታ ላይ ነው። ብዙ ባዮቲን በደም ውስጥ ሲኖር አንዳንድ የላቦራቶሪ ምርመራዎችን፣ በተለይ የታይሮይድ ሆርሞንንና የልብ ሕመም ምልክት የሆነውን ትሮፖኒንን ውጤት ያዛባል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እኔ ደግሞ ከዚህ በታች የታይሮይድ ምርመራ እንዲያደርጉ ልመክርዎ ነው። እንክብሉን አስቀድመው ጀምረው ከሆነ ለሐኪሙና ለላቦራቶሪው ይንገሩ፣ ከምርመራው ስንት ቀን በፊት ማቋረጥ እንዳለብዎትም ይጠይቁ።

በእውነት ፈታይዋን የሚያነቃው ከቆዳ ላይ የሚቀባው ሚኖክሲዲል ነው። መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ በሽተኞቹ ፀጉር ሲያበቅሉ ታይቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለበራነት የተፈቀደው። እሱ መዋቢያ አይደለም፤ መድኃኒት ነው፤ ሥራው የሚታየውም ከአራት እስከ ስድስት ወር ሳያቋርጡ ተቀብተውት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፍን ሊያባብስ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትጠቀመውም። ፀጉር ቤት ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ ተቀድቶ ስሙ ሳይጻፍበት ቢሰጥዎት ይመልሱት። ራሱ ለሚያልፍ የወሊድ መርገፍም አያስፈልግም።

ቅቤውን በተመለከተ፣ ለጋ ቅቤ ክሩን ይሸፍናል፣ እርስ በርሱ እንዳይፋተግ ያደርጋል፤ እናቶቻችን የተቀቡት በከንቱ አይደለም። ከሴረሙ ጋር መቀላቀል ግን ሁለቱንም ማባከን ነው፤ ውሃና አልኮል ከቅቤ ጋር አይዋሐዱም። ፎረፎር ካለብዎት ቅቤውን ከራስ ቆዳዎ ያርቁት፤ ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ የሚኖረው በቅባት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ሴረሙን መጀመሪያ ክንድዎ መታጠፊያ ላይ ጠብ አድርገው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ሽቶና የሮዝመሪ ዘይት ቆዳ ከሚያስቆጡት ውስጥ ናቸው። ካላሳከከዎት ታጥበው ሳይደርቅ ከክሩ መሐል እስከ ጫፉ ጥቂት ጠብታ ይቀቡ፤ የራስ ቆዳዎን፣ በተለይ የሳሳውን ግንባር፣ አያስነኩት። እጅዎን ታጥበው ልጁን ይያዙ፣ ፊቱ ፀጉርዎ ውስጥ ሲገባ ሽቶው እንዳይነካው ፀጉርዎን ሸብ ያድርጉ። ጠርሙሱ ሲያልቅ አልቋል።

የሴረሙን ዋጋ ለደም ምርመራ ያውሉት። የሚያስፈልግዎት ሄሞግሎቢን ብቻ አይደለም፤ የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲንና የታይሮይድ ሆርሞንም ናቸው። በወሊድ ደም የፈሰሳት እናት ሄሞግሎቢኗ ደህና ሆኖ ክምችቷ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከወሊድ በኋላ ታይሮይድ የሚቃወስባቸውም ጥቂት አይደሉም፤ ድካሙን ሁሉ በልጁ ማሳበብ ቀላል ስለሆነ ሳይታወቅ ይቆያል። «ጤፍ እበላለሁ፣ ብረት አይጎድለኝም» ብለው አይለፉት፤ ምግቡን ተከትሎ የሚጠጣው ቡና ራሱ ብረቱ እንዳይሰርጽ ይይዘዋል። ቡናውን አንድ ሁለት ሰዓት ያዘግዩት። ፌሪቲኑ ዝቅ ካለ ሐኪሙ መጠኑን ወስኖ ብረት ያዝዝልዎታል።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ፦ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ጨርሶ የረገፈ ቦታ፣ መግል ወይም ቅርፊት፣ ከአናት መሐል ጀምሮ የሚሰፋ መሳሳት ከማቃጠል ወይም ከሕመም ጋር፣ እንዲሁም የፀጉር ቀዳዳ የማይታይበት አብረቅራቂ ቆዳ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጠባሳ የሚያስቀር በሽታ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሳምንታት ዋጋ አላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው። ልጅዎ አንድ ዓመት ሞልቶትም መርገፉ ካልቆመ፣ ወይም የፀጉርዎ መክፈያ እየሰፋ ከሄደ እንዲሁ ይሂዱ።

እስከዚያው ሹሩባውን ለሦስት ወር ይተዉት፤ የግድ ካስፈለገ የግንባሩ ዳር ሳይነካ ላላ ተደርጎ ይሠራ። በሚቀጥሉት ወራት ግንባርዎ ላይ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር የሚሆኑ፣ አልተኛም ብለው ቀጥ የሚሉ አጫጭር ፀጉሮች ያያሉ። የተበጠሰ መስሎዎት አይቁረጧቸው፤ ፀጉር ሠሪዋም ከሹሩባው ጋር ጎትታ እንዳታስራቸው አስቀድመው ይንገሯት።